የእትዬ ትርንጎ ላጲስ

እትዬ ትርንጎ መሞታቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ግሩፕ ውስጥ፣ በአንድ የልደት ኬክ ፎቶና በአንድ የሚሸጥ ፍሪጅ መሀል፣ «የቀድሞ ባልደረባችን የወ/ሮ ትርንጎ በላይነህ ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈጸማል» የሚል ተለጠፈ። የአባታቸው ስም በላይነህ አይደለም፤ በላይ ነው። እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥምና ወዲያው «በላይ ነው፣ አስተካክሉት» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ «ማሂ፣ አሁን ይሄ ነው የታየሽ?» አለችኝ።

አዎ፣ የታየኝ ይሄ ነው። እሳቸውም ቢኖሩ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነበር። «በላይና በላይነህ ሁለት ሰው ናቸው፤ አንደኛው ባለዕዳ ቢሆንስ?» ይሉ ነበር።

ቀብሩ ላይ በማላውቃቸው ሴቶች ብዛት ደነገጥኩ። ከቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃቸውን ጨርሰው የመጡ፣ ጉልት የሚሸጡ፣ ልብስ የሚሰፉ። እኔ የማውቀው እትዬ ትርንጎ ዘመድ እንደሌላቸው ነበር። አጠገቤ የቆመችውን ሴት «ምናቸው ነሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምናቸውም አይደለሁም። ፎርም አስነብበውኛል» አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እኔም ያው ነኝ። ግን እኔን ያስነበቡኝ በብዙ ጭቅጭቅ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ቃሊቲ ያለ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ቅርንጫፍ በኮንትራት ቀጠረኝ። ቢሮው ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ከባድ መኪና ደግሞ የማያልፍበት ደቂቃ የለም። ሥራዬ የብድር ፎርም ማስሞላትና የተሞላውን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነበር። ፎርሙ ሰባት ገጽ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ቆሞ ሲያመነታ ማየት አልችልም፤ ያሳክከኛል። ስለዚህ ደንበኛው ገና ሲቀመጥ በእርሳስ የሚፈረምበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አደርግለታለሁ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ። ሦስት ደቂቃ።

እትዬ ትርንጎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ያው ግራጫ ሹራብ። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ በጥቁር ክር የታሰረ ነው። ማንኛውም ፎርም ከመፈረሙ በፊት ቁጥር ለማግኘት በሳቸው መስኮት ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዱን ፎርም ይዘው ከመስኮቱ ጀርባ ብቅ አሉ።

«ይሄን የጫረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የሚፈርሙበት ቦታ እንዳይጠፋቸው ብዬ ነው።»

«ይጥፋቸዋ!»

«እንዴ? ለምን?»

«ሲጠፋቸው ይፈልጉታላ። ሲፈልጉት ያነባሉ።»

ከሹራባቸው ኪስ ላጲስ አወጡ። የተማሪ ላጲስ ነው፣ ጥጉ ያለቀ። ሰባቱንም ገጽ እየገለጡ ምልክቶቼን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ብናኙን እፍ አሉትና ደንበኛዋን ጠርተው መስኮታቸው ፊት ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧት። «በይ አንብቢልኝ። ያልገባሽ ጋ ቁሚ» አሏት። ማንበብ የማይችል ሲመጣ ራሳቸው ያነቡለታል፤ ከዚያ «አሁን ምን አልኩህ?» ብለው በራሱ አፍ ያስደግሙታል። አርባ ደቂቃ! ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይወርዳል።

ማናጀሩ አቶ ፍቃዱ አንዳንዴ ከክፍላቸው ወጥተው ይለማመጧቸው ነበር። «እትዬ ትርንጎ፣ ብድር ቤት እኮ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት አይደለም።»

«ቄስ ትምህርት ቤትማ ቢሆን ምን ነበረበት» ይላሉ፣ ከዶሴው ቀና ሳይሉ። «እዚያ የተሳሳተ በኩርኩም ይገላገላል። እዚህ የተሳሳተ አምስት ዓመት ይከፍላል።»

እኔን «ማሂ» ብለውኝ አያውቁም። «ማህሌት» ነው የሚሉኝ፣ ከነሙሉ ፊደሉ። ስቸኩል ሲያዩ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ከዓይንሽ አይቅደም» ይሉኛል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉት ብቆጥር ኖሮ ሥራ አልሠራም ነበር።

በጣም የሚጠነቀቁት አምስተኛው ገጽ ነበር። እዚያ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከሌላው በታች። ላይኛው «የትዳር ጓደኛ ፈቃድ» ይላል። ታችኛው «ተባባሪ ተበዳሪ»። ያገባ ሰው ሲበደር የግድ ባሉን ወይም ሚስቱን ይዞ መምጣት አለበት፤ ትዳር ውስጥ ተደብቆ መበደር ስለማይቻል። ሰፈራችን ይህን «ለሚስትነት መፈረም» ይለዋል። ሚስትየዋ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ወይም ከፋብሪካ ለግማሽ ሰዓት አስፈቅዳ ትመጣለች። ደረጃውን ወጥታ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «የት ጋ ነው?»

እትዬ ትርንጎ ያንን ጥያቄ ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «የት ጋ እንደሆነ ከመጠየቅሽ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቂ» ይላሉ። ከዚያ ጣታቸውን ላይኛው መስመር ላይ ያደርጋሉ። «እዚህ ከፈረምሽ፣ ባሌ መበደሩን አውቃለሁ፣ አልቃወምም ማለትሽ ነው። ብድሩ በሱ ስም ይመዘገባል፣ አለቀ።» ጣታቸው ወደ ታች ይወርዳል። «እዚህ ከፈረምሽ ግን እኔም ተበድሬያለሁ ማለትሽ ነው። እሱ ቢያቆም አቆምሽ። እሱ ቢዘገይ ዘገየሽ። ነገ ለራስሽ ብድር ስትጠይቂ፣ በየትኛውም ባንክ በር ስትገቢ፣ ያ ነገር ከስምሽ ጋር ቀድሞሽ ገብቶ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ።»

አንድ ቀን የብሎኬት ማምረቻ ያለው ሰውዬ በዚህ ተናደደ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች።

«ሚስቴ አይደለችም እንዴ? ላይ ፈረመች ታች፣ ምን ልዩነት አለው? አንድ ነን!»

«እናንተ አንድ ናችሁ፤ ያኑራችሁ። ስማችሁ ግን አልተጋባም። ያንተ መዝገብ ያንተ ነው፣ የሷም የሷ። ስምን የሚያጋባው ሽማግሌ አይደለም ልጄ፣ ፊርማ ነው።»

«ስለዚህ ባልሽን አትመኚ ነው የሚሏት?»

«እመኚው ነው የምላት። ግን አንብባ ትመንህ።»

ሰልፉ ሳቀ። ሚስትየዋም ሳቀች፤ ሰውየው እሷ ስትስቅ ሲያይ ባሰበት። ግን ተቀምጠው አነበቡ።

እኔ ያኔ እትዬ ትርንጎን ክፉ ባልቴት አድርጌ ነበር የማያቸው። በሰው ትዳር መሀል ጥርጣሬ የሚዘሩ። እንዲያውም በልቤ ማስቀመጥ አልችልምና አንድ ምሳ ሰዓት ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ምሳቸው ዘወትር የተቀቀለ ድንች ነው፤ እየላጡ በሚጥሚጣ ይበላሉ። «እትዬ፣ እርስዎ ባል ስለሌለዎት ነው ሰውን የሚያጣሉት» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን አላፈርኩም።

አልተቆጡም። ድንቹን እየላጡ ነገሩኝ፤ ከዚያ ቀን ሌላ ደግመው አንስተውት አያውቁም።

«ባሌ ሹፌር ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፤ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ሰምተሽ እንዳትሰድቢው። ተበድሮ አሮጌ አይሱዙ ሊገዛ ሆነ። ወረቀቱን ቤት ይዞት መጣ። እኔ ወጥ ላይ ነበርኩ። በግራ እጄ ማማሰያ፣ በቀኝ እጄ እስክሪብቶ። የት ጋ ነው አልኩ፣ እዚህና እዚህ አለኝ፣ ፈረምኩ። ወጡም አላረረም።»

«እና?»

«መኪናው ሞጆ መንገድ ላይ ተገለበጠ። እሱ ተረፈ፣ ክፍያው ቆመ። ከዓመታት በኋላ እሱም ታሞ አረፈ። ከዚያ ለኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልኝ፤ እዚሁ ገላን። ቅድመ ክፍያውን ልበደር ብዬ አንድ ቦታ ስጠይቅ፣ ያኔ እንዳሁኑ በኮምፒውተር አልነበረም፣ በወረቀት የተላለፈ ዝርዝር አወጡ። ስሜ አለበት። እኔ ከማንም አምስት ሳንቲም ተበድሬ አላውቅም ብዬ ጮህኩ። ዶሴውን አመጡልኝ። ፊርማዬ ነው። ያኔ ቆንጆ ፊርማ ነበረኝ።»

«ቤቱስ?»

«ቀኑ አለፈ። ለሌላ ሰው ደረሰ።»

ሚጥሚጣውን ነስነስ አደረጉ። «ባልዎ አታለሉዎት» አልኩ።

«አላታለለኝም። እሱም አላነበበውም።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ ተለወጥኩ ብል ውሸቴን ነው። ከዚያ በኋላም በእርሳስ ምልክት ማድረጌን አላቆምኩም፤ እሳቸውም ማጥፋታቸውን። እኔ እጭራለሁ፣ እሳቸው ያጠፋሉ። ለምጄው ነበር። ጥፋቴን የሚያጠፋልኝ ሰው ስላለ ማጥፋት ሥራዬ ሆነ።

ከዚያ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጡ።

ያ ሁለት ሳምንት ለኔ በዓል ነበር። ቁጥሩን ራሴ እሰጣለሁ፣ ምልክቱን አደርጋለሁ፣ ሰዉ ፈርሞ ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው አስተናገድኩ። አቶ ፍቃዱ «ይኸውላችሁ ሠራተኛ!» ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። እኔ ባዶ መስመር ካየሁ የወለቀ ጥርስ ያየሁ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ገጽም ላይኛውም ታችኛውም መስመር ላይ ምልክት አደረግሁ። እትዬ ትርንጎ ሲመለሱ ዶሴዎቹ ተቆልለው ጠበቋቸው። መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው።

ይህ ከሆነ ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ ዓለምነሽ መጣች።

ዓለምነሽ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሰፋ ሴት ናት። ገላን አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፊልን ብሏታል። ሦስት ማሽን የምትገዛበት ብድር ነው የፈለገችው። ሐምሌ ገብቷል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላስረከበች ትዕዛዙ ለሌላ ይሰጣል። ለሥራ ቦታ የአንዲት ኮንቴይነር ሱቅ ኪራይ ከደመወዟ ቆጥባ ከፍላለች። ይህን ሁሉ የነገረችን እየሳቀች ነው፤ ያለቀ ነገር አድርጋ።

ስሟን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ቀይ አመጣ። ተባባሪ ተበዳሪ፣ የባጃጅ ብድር፣ አራት ወር ያልተከፈለ።

«ዕዳ አለብሽ» አልኳት።

«እኔ? ከማንም አምስት ሳንቲም ተበድሬ አላውቅም!»

ከመስኮቱ ጀርባ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ትርንጎ ተነሥተው ነበር።

«ተበዳሪው ማን ይላል?» አሉኝ።

«ታዬ የሚባል ሰው ነው።»

«ባሌ ነው!» አለች ዓለምነሽ። «ባጃጁ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆመ። ሠርቼ እከፍላለሁ ብሎ ሐዋሳ ወረደ፣ ቀስ እያለ ይልካል። ግን የሱ ነው እኮ፤ እኔ ለሚስትነት ነው የፈረምኩት!»

አቶ ፍቃዱ ወጥተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። አይቻልም። ዓለምነሽ ቦርሳዋን አቀፈች። «ለኮንቴይነሩ የከፈልኩትን አስመልሼ የሱን ልክፈላ? ያኔ ይጠፋል?»

«ቆይ» አሏት እትዬ ትርንጎ። «ባልሽ ነው፣ ካለሽ ትረጂዋለሽ። በፍቅር መክፈል ሌላ ነው፤ በመዝገብ መክፈል ሌላ። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንየው።»

ዶሴውን አመጡ። አምስተኛውን ገጽ ገለጡ። ሁለቱም መስመር ላይ የዓለምነሽ ፊርማ አለ። ከፊርማዎቹ ጎን ደግሞ በእርሳስ የተደረገ ምልክት፤ አንደኛው ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። እንደዚያ አድርጎ የሚጭር ሰው በዚያ ቢሮ አንድ ብቻ ነው።

እትዬ ትርንጎ ምልክቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዶሴውን ዘጉ። «ከነገ ወዲያ ተመለሺ» ብለው ሸኟት።

ከሄደች በኋላ መዝገብ ቤቱ ገባሁባቸው።

«ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል?»

«የኔ ጥፋት ነው በሉ! ምልክቱን ያደረገችው እሷ ናት በሉ! ያውቃሉ እኮ!»

«እኔማ አውቃለሁ» አሉ። «መዝገቡ ግን አያውቅም።»

ከዚያ አስቀመጡኝና ሥርዓቱን ነገሩኝ። ለባጃጅ ብድር ተቋሙ ሊብሬውን በመያዣነት ይይዛል፤ ተባባሪ ተበዳሪ አይጠይቅም። ያ መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዞ መዘጋት ነበረበት። ስለዚህ ስህተቱ የተቋሙ ነው። ተቋሙ ለዋናው የብድር መረጃ ማዕከል ከጻፈ ስሟ ከብድሩ ይወጣል፤ ብድሩ ታዬ ላይ ብቻ ይቀራል። ግን ማዕከሉ ምክንያት ይፈልጋል። ማን፣ መቼ፣ እንዴት። ያጠፋው ሰው ራሱ ጽፎ መፈረም አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። የኔ የቋሚነት ደብዳቤ በዚያው ወር ሊመጣ ነው። የቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ እናቴ ከታመመች ቆይታለች። አቶ ፍቃዱም ለብቻዬ ጠርተው «ፊርማው የራሷ አይደለም? አስገድደሻታል? ተዪው እስቲ፣ ራስሽን አታስበዪ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አላስገደድኳትም። የት ጋ ነው አለችኝ፣ እዚህ አልኳት።

ሁለት ቀን ፈራሁ። እኔ እኮ የምናገር እንጂ የምፈራ አይመስለኝም ነበር። በሁለቱ ቀን እትዬ ትርንጎ ሥራቸውን ቀጠሉ። እንደ ወትሮው «ማህሌት፣ ይሄ ቀኑ አልተሞላም»፣ «ማህሌት፣ የዚህ ሰውዬ ስልክ ዘጠኝ አሃዝ ነው»። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓለምነሽ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጣች። የፋብሪካ ሽርጧን አላወለቀችም፣ ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ብናኝ አለ። የፕላስቲኳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏን ከፍታ። የትምህርት ቤቱ የልኬት ወረቀት ጭኗ ላይ ነበር፤ የልጆች ስምና የደረት ልክ ተጽፎበታል። መኪና አልፎ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ እንኳ አልነቃችም።

ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ይዤላቸው ገባሁ።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። «'ምናልባት' የምትለዋን አውጫት» አሉኝ። «ምናልባት በጥድፊያ ምክንያት» ብዬ ነበር። አወጣኋት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና እስክሪብቶ አነሱ። ከኔ ፊርማ በታች ጻፉ፤ ከፈቃድ ስመለስ ይህን ዶሴ አምስተኛ ገጹን ሳልገልጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

«እትዬ! እርስዎ ደግሞ ምን አደረጉ?»

«መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

«ዓይንዎ ገና አልዳነም ነበር እኮ!»

«እሱን ብዬ ማመካኘት እችላለሁ» አሉ። «አላመካኝም።»

ትርንጎ በላይ ብለው ፈረሙ። ጡረታ ሊወጡ ዘጠኝ ወር ቀርቷቸው ነበር። አቶ ፍቃዱ ሲያነቡት «ሁለታችሁም ለይቶላችኋል!» ብለው ጮሁ፤ ግን ወረቀቱ ቁጥር ተሰጥቶት ስለነበር መቅደድ አልቻሉም። ቁጥሩን የሰጡት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ቋሚነቴም ስድስት ወር ተገፋ። ለሳቸውም ማስጠንቀቂያ መጣ፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው። ቁጭ ብለው አነበቡትና «ቀኑ ተሳስቷል» ብለው አርመው እንዲልኩላቸው መለሱት። ታርሞ ሲመጣ ፈርመው ተቀበሉ።

የማዕከሉ መልስ አምስት ሳምንት ፈጀ። ዓለምነሽ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ እኔን ሰላም አትለኝም። እውነቱን ስለነገርኳት ነው። ልክ ናት። ትምህርት ቤቱ መጠበቅ ሲሰለቸው የትዕዛዙን ግማሽ ለሌላ ሰፊ ሰጠ። ግማሹ ቀረላት። በአምስተኛው ሳምንት ስሟን ሳስገባ ኮምፒውተሩ ምንም አላመጣም፤ ንጹሕ። «የለብሽም» አልኳት። ስክሪኑን ወደሷ እንዳዞርላት ጠየቀችኝ። አዞርኩላት። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በጣቷ እየተከተለች አየችው።

አሁን ተበዳሪዋ እሷ ናት፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚፈርመው ባሏ ነው። ታዬ ከሐዋሳ መጣ። ረጋ ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው። ከዓለምነሽ ጋር ደረጃውን ወጥቶ ላቡን እየጠረገ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«የት ጋ ነው?» አለኝ።

ዓለምነሽ ፎርሙን ከፊቱ ወሰደችው። «ቆይ» አለችው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ከመጀመሪያው ገጽ። ሰልፉ መንጫጫት ያዘ።

«እህት፣ ቤትሽ ወስደሽ አጥኚው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የምፈርመው እዚህ ነው፤ የማነበውም እዚህ ነው» አለች፣ ሳትዞር።

አምስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ለታዬ እስክሪብቶ ሰጠችው። «ላይኛው ላይ ፈርም። መበደሬን ታውቃለህ ማለት ነው።» ፈረመ። እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ዓለምነሽ መዳፏን መስመሩ ላይ ዘረጋችበት።

«ይሄኛው የኔ ብቻ ነው።»

«አብረን አይደለም እንዴ?»

«አብረን ነን። ማሽኑ ቢበላሽብኝ ግን አንዳችን ስሙ ንጹሕ ሆኖ መቅረት አለበት። አንተ ደግሞ የባጃጁን ጨርሰህ ያንተን አጽዳ።»

ታዬ እስክሪብቶውን መለሰላት። እሷ መዳፏን አነሣችና ባዶው መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝ አሰመረች።

እትዬ ትርንጎ ከመስኮታቸው ጀርባ ቆመው ነበር። ዓለምነሽ ፎርሙን ስታቀብላቸው አምስተኛውን ገጽ ገለጡ፣ ሰረዙን አዩ፣ ቁጥር ሰጡት። ከዚያ አብሬያቸው በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ ደንበኛ ሲጠይቁ ሰምቼ የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቋት።

«ማሽኖቹን በየት በኩል ልታስቀምጪያቸው ነው? ብርሃን በየት ነው የሚገባው?»